ባለቤት ያጣ ጠርሙስ

በልደትና በአዲስ ዓመት መካከል ባለው የዕረፍት ሳምንት፣ መምህራንም ተማሪዎችም በየቤታቸው ተበትነው የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ጭር ባለበት ሰዓት፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 2008፣ ሸሪ ሳንግጂ የተባለች የ23 ዓመት ወጣት በኬሚስትሪው ሕንፃ ውስጥ በሚገኝ አንድ ቤተ ሙከራ ሥራዋን ትሠራ ነበር። በዚያው ዓመት ከፖሞና ኮሌጅ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ተቀብላ፣ ወደ ፊት ሕግ ለመማር አስባ፣ እስከዚያው ድረስ ግን በኦክቶበር ወር በምርምር ረዳትነት ተቀጥራ የገባች ልጅ ነበረች። በእጇ የያዘችው ነገር ቴርት ቡቲል ሊቲየም ይባላል፤ ከአየር ጋር በተገናኘ ቅጽበት፣ ክብሪትም ሆነ ብልጭታ ሳይሻ፣ በራሱ የሚነድ ነው። ከታሸገው ጠርሙስ ወደ ሌላ ዕቃ ታዛውረው የነበረው 60 ሚሊ ሊትር በሚይዝ የፕላስቲክ ሲሪንጅ ሲሆን፣ መጠኑ በዛ ሲል የሚመከረው ግን ሁለቱን ዕቃዎች በቀጭን የብረት ቱቦ አገናኝቶ ፈሳሹን በናይትሮጅን ግፊት ማሻገር ነው። የሲሪንጁ መግፊያ ከቤቱ ተነቅሎ ወጣ፤ ፈሳሹ አየር ነካው፤ ነደደ። አጠገቧ የነበረ ሄክሴን የተባለ ተቀጣጣይ ፈሳሽም ፈሶ እሳቱን አባሰው። ጓንት አድርጋ ነበር፤ ከላይ የለበሰችው ግን ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ሹራብ እንጂ ጋዋን አልነበረም። አንድ ባልደረባዋ የራሱን ጋዋን አውልቆ ነበልባሉን ለማፈን ታገለ፤ በዚያው የነበረውን የአደጋ ጊዜ መታጠቢያ ግን በዚያ ድንጋጤ የተጠቀመበት አልነበረም። በ18ኛው ቀን፣ ጃኑዋሪ 16 ቀን 2009፣ በሆስፒታል ዐረፈች።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ «ዓ.ም.» ባልኩበት ቦታ ብቻ በራሳችን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ፣ ሰው ሁሉ «የእግዚአብሔር ቍጣ ነው» ወይም «ዕድሏ ነው» ብሎ አልቅሶ ይለያይ ነበር። ነገር ግን ከአደጋው ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ኦክቶበር 30 ቀን፣ የዚያው ዩኒቨርሲቲ የደኅንነት ክፍል ይህንኑ ቤተ ሙከራ ጎብኝቶ፣ ከደርዘን በላይ ጉድለቶችን በወረቀት አስፍሮ ነበር፤ ከጉድለቶቹም አንዱ ሠራተኞቹ ጋዋን የማይለብሱ መሆናቸው፣ ሌላው ተቀጣጣይ ፈሳሾች ያለ ሥርዓት መቀመጣቸው ነበር። እንግዲህ መርማሪ አልጠፋም፤ መመሪያም አልጠፋም፤ እንዲያውም የአሜሪካ መንግሥት ቤተ ሙከራ ያለው አሠሪ ሁሉ የኬሚካል ጥንቃቄ ዕቅድ እንዲጽፍና ለዚያም ኀላፊ እንዲሾም ያዘዘው በ1990 ስለ ነበር፣ ሕጉ በጊዜው የ18 ዓመት ጎልማሳ ነበር። እኔ ነገሩን እንደማየው የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ተጽፎ ከደረሰ በኋላ፣ የወረቀቱ ዕዳ በማን ራስ ላይ እንደሚያርፍ ለይቶ የሚናገር አልነበረም። ጸሐፊው ጽፎ ተገላገለ፤ ተቀባዩም ተቀብሎ አስቀመጠ።

የካሊፎርኒያ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2009 ዩኒቨርሲቲውን 31,875 ዶላር ቀጣው። ለእንዲህ ያለ ታላቅ መካነ ትምህርት ይህ ገንዘብ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ አስደንጋጩ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በዲሴምበር 2011 የሎስ አንጀለስ ዐቃቤ ሕግ በዩኒቨርሲቲው የበላይ ጠባቂዎችና በቤተ ሙከራው ባለቤት በፕሮፌሰር ፓትሪክ ሃራን ላይ የወንጀል ክስ መሠረተ፤ በአሜሪካ ምድር በትምህርት ቤተ ሙከራ አደጋ ምክንያት እንዲህ ያለ ክስ ሲቀርብ የመጀመሪያው እንደ ሆነ ይነገራል። ጠባቂዎቹ በ2012 በስምምነት ከክሱ ወጡ፤ በስምምነቱም በሟቿ ስም ለሕግ ተማሪዎች 500,000 ዶላር የነጻ ትምህርት መዋጮ ሊሰጡና በዩኒቨርሲቲው ሥርዓት ባሉት የኬሚስትሪ ክፍሎች ሁሉ ጥብቅ የጥንቃቄ ደንብ ሊያቆሙ ቃል ገቡ። ፕሮፌሰሩም በ2014 ከዐቃቤ ሕጉ ጋር ተስማምተው፣ ለቃጠሎ ሕክምና ማዕከል 10,000 ዶላር ለመክፈልና 800 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ለመስጠት ግዴታ ገቡ፤ ግዴታው ስለ ተፈጸመ ክሱ በ2018 ተዘጋ። ፍርዱ ቀለለ የሚሉ አሉ፤ ከበደ የሚሉም አሉ፤ የእኔ ነገር ከሁለቱም ወገን አይደለም። ዋናው ቁም ነገር፣ «ለዚህ ቤት የሚጠየቀው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ስም ተጠርቶበት መልስ ማግኘቱ ነው።

ይህ ጥያቄ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለምን ይህን ያህል እንደ ከበደ ለመረዳት፣ የቤተ ሙከራን የአኗኗር ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። በፋብሪካ ውስጥ ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሥራ አስኪያጁ ያዝዛል፣ ፎርማኑ ያስፈጽማል፣ የማይፈጽም ይባረራል። በዩኒቨርሲቲ ግን ፕሮፌሰሩ በቤተ ሙከራው ላይ ያለው ሥልጣን የጥንቱ ባለ ጉልት በጉልቱ ላይ የነበረውን ይመስላል፤ የምርምሩን ገንዘብ ያመጣው እርሱ ነው፤ ተማሪውን የሚቀበለውና የሚያስመርቀው እርሱ ነው፤ በበሩም ላይ የተጻፈው የእርሱ ስም ነው፤ የግቢው የደኅንነት ሠራተኛ ወደዚያ ቤት ሲገባ እንደ እንግዳ አንኳኩቶ፣ እንደ እንግዳም ተሰናብቶ የሚወጣ ነው። የአካዳሚ ነጻነት የሚባለው ክቡር ነገር፣ ሊቁ እውነትን ያለ ፍርሃት እንዲመረምር የተሰጠው ጸጋ ሆኖ ሳለ፣ በብዙ ቦታ ላይ ጋዋን ላለመልበስም ምክንያት ሆኖ ሲጠቀስ መኖሩ ያሳፍራል።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በግድየለሾች ላይ መጫን ፍርድ ማጣመም ይሆናል፤ ለዚህም ምስክር የሚሆነው የፕሮፌሰር ካረን ዌተርሃን ታሪክ ነው። በዳርትመዝ ኮሌጅ የኬሚስትሪ መምህርት የነበሩት እኒህ ሴት፣ የክሮሚየምን መርዛማነት በማጥናት ስማቸው የታወቀ፣ መርዝን የዕድሜ ልክ ጥናታቸው ያደረጉ ትጉህ ሊቅ ነበሩ። ኦገስት 14 ቀን 1996 የሜርኩሪ ጥናታቸውን መሣሪያ ለማስተካከል ዳይሜቲል ሜርኩሪ ከሚባለው ፈሳሽ ጥቂት ሲያዛውሩ፣ ከጭስ መሳቢያው ሥር ነበሩ፤ የላቴክስ ጓንት አጥልቀው ነበር፤ መነጽርም ጋዋንም አልጎደላቸውም። አንዲት ወይም ሁለት ጠብታ በጓንታቸው ላይ ወደቀች። ጓንቱን አውልቀው እጃቸውን ታጠቡና ሥራቸውን ቀጠሉ። ከአምስት ወር በኋላ፣ በጃኑዋሪ 1997፣ አካሄዳቸው ይዛነፍ፣ አንደበታቸው ይጎተት ጀመር፤ ደማቸው ሲመረመር በሊትር 4,000 ማይክሮ ግራም ሜርኩሪ ተገኘበት፤ 200 ሲደርስ እንኳ መርዝ ነው ይባላል። ጁን 8 ቀን በ48 ዓመታቸው አረፉ። በኋላ የተደረገው ፈተና እንዳሳየው ያ ፈሳሽ የላቴክስን ጓንት ዘልቆ ለማለፍ 15 ሴኮንድ እንኳ አይፈጅበትም ነበር። ስለዚህ ደንቡን አላፈረሱም፤ ደንቡ ራሱ ዐላዋቂ ነበር። ባልደረቦቻቸው እርሳቸው ገና በሕይወት ሳሉ ስለ ጓንቱ ማስጠንቀቂያ በኬሚስቶች መጽሔት ላይ አወጡ፤ ከዚያ ወዲህም ለእንዲህ ያለው ነገር በውስጥ ከፕላስቲክ ድርብርብ የተሠራ ጓንት፣ በላዩም ክንድ የሚሸፍን ወፍራም ጓንት እንዲደረብ፣ ከተቻለም ያ ፈሳሽ ጨርሶ ቀርቶ ሌላ እንዲተካው ይመከራል። ይህን የምተርከው አንባቢን ለማስጨነቅ ሳይሆን፣ «እኔ ሠላሳ ዓመት ሠርቼበታለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚለው የነባር መምህራን ንግግር ማስረጃ እንደማይሆን ለማስታወስ ነው፤ ዌተርሃን ስለ መርዝ ከእኛ ሁሉ ይልቅ ያውቁ ነበርና።

እሳቱና መርዙ ለዓይን ይታያሉ፤ ጋዜጣም ይጽፍላቸዋል። ሁለተኛው የነገሩ ወገን ግን፣ ማለትም ከሙከራው በኋላ የሚቀረው ቆሻሻ፣ ጸጥ ያለ ስለ ሆነ የሚያስበው ጥቂት ነው። የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን አስረክቦ፣ ካባውን ለብሶ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሲሄድ፣ ለሁለት ዓመት የቀላቀላቸው ፈሳሾች ከመደርደሪያው ሥር ይቀራሉ፤ አንዳንዱ ጠርሙስ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ቀለም በአሲድ ተን ጠፍቷል፤ አንዳንዱ ላይ ያለው ጽሑፍ «የአበበ፣ ቁጥር 3» የሚል ብቻ ነው። አዲስ የመጣ ረዳት ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁትን ሽማግሌ፣ «ጋሼ፣ ይህ የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ተወው ልጄ፣ እኔም ስመጣ እዚሁ ነበር፤ ባለቤቱ ውጭ አገር ከሄደ ቆየ፤ ብቻ እንዳትነካው» የሚል መልስ ያገኛል። ሽማግሌው በዚህ ምክራቸው ብዙውን ጊዜ ትክክል ናቸው። ኤተር ለረጅም ጊዜ አየር እየነካው ሲቀመጥ ፐርኦክሳይድ የሚባል ፈንጂ ነገር ስለሚያበቅል፣ በክዳኑ ዙሪያ ነጭ ፍንጣሪ የታየበት ጠርሙስ ክዳኑን በማዞር ብቻ ሊፈነዳ ይችላል፤ ፒክሪክ አሲድም እርጥብ ሆኖ ሳለ ገራም፣ ደርቆ ሲገኝ ግን የፈንጂ ወገን ነው። ናይትሪክ አሲድ የነበረበት የቆሻሻ ጠርሙስ ላይ አልኮል የጨመረ ሰው ክዳኑን አጥብቆ ወደ ቤቱ ቢሄድ፣ ጋዙ ቀስ በቀስ ተጠራቅሞ ጠርሙሱ ማንም በሌለበት በሌሊት ይፈነዳል። ሶዲየም አዛይድ በመታጠቢያው ገንዳ የደፋ ተማሪ ደግሞ፣ ጠላት የሆነው ለቧንቧ ሠራተኛው ነው፤ ያ ጨው ከእርሳስና ከመዳብ ቱቦ ጋር ተዋሕዶ፣ ከዓመታት በኋላ መፍቻ ሲነካው የሚፈነዳ ንብርብር ይሠራልና።

የአሜሪካ ሕግ ከ1976 ጀምሮ አደገኛ ቆሻሻ ከተወለደበት ሰዓት እስከሚጠፋበት ቦታ ድረስ በወረቀት እንዲታጀብ ያዝዛል። በቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ቆሻሻው በሚመነጭበት ቦታ አጠገብ፣ እስከ 55 ጋሎን፣ ማለት ወደ 208 ሊትር፣ ማጠራቀም ይፈቀዳል፤ እጅግ መርዛማ ከሆነው ግን ከአንድ ሊትር ብዙም የማይዘል ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈው በሦስት ቀን ውስጥ ይነሣል፤ ዕቃው ሁልጊዜ የተከደነ፣ በላዩም ምን እንደ ሆነ የተጻፈበት ይሁን ይላል። ደንቡን ላነበበ ሰው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሲወጣ የታሰበው ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ቆሻሻ በበርሜል ለሚያወጣ ፋብሪካ እንጂ፣ በሺህ በሚቈጠሩ ክፍሎች ውስጥ፣ በየሳምንቱ የሚለዋወጥ፣ እፍኝ እፍኝ የሚያህል መርዝ ለሚያወጣ ዩኒቨርሲቲ ስላልነበረ፣ ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ በአንድ ሲያጠፉ ተገኙ። በ1998 የአካባቢ ጥበቃ መርማሪዎች የዓለም የቴክኒክ ትምህርት መንበር ወደሚባለው ወደ ኤም አይ ቲ ገብተው ጥፋት አገኙ፤ ነገሩም በ2001 በስምምነት አልቆ ተቋሙ 150,000 ዶላር ቅጣት ከመክፈሉ በላይ፣ ግቢውን ሁሉ የሚያቅፍ የአካባቢ፣ የጤናና የደኅንነት አስተዳደር ሥርዓት ለማቆም ግዴታ ገባ።

እኔን የሚማርከኝ ከቅጣቱ ይልቅ የሥርዓቱ አሠራር ነው። እያንዳንዱ የቤተ ሙከራ ክፍል በአንድ ፕሮፌሰር ስም እንዲመዘገብ ተደረገ፤ በየቤተ ሙከራውም ከተማሪዎቹ ወይም ከሠራተኞቹ መካከል አንድ የደኅንነት ተጠሪ ተመረጠ፤ ያ ተጠሪ የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ማእዘን በየሳምንቱ እየዞረ ክዳኑን፣ መለያ ወረቀቱን፣ ከሥሩ ያለውን ትሪ እንዲያይ ታዘዘ፤ ከማእከል የተላኩትም መርማሪዎች በየጊዜው መጥተው የተጠሪውን ሥራ ያያሉ። ፕሮፌሰሩ ጉልቱን አልተነጠቀም፤ ነገር ግን ድንበሩ ተለክቶ በመዝገብ ስለ ሰፈረ፣ «ይህ ኮሪደር የእኔ አይደለም» የሚለው ምክንያት ቀረ። በየኮሪደሩ ጥግ ቆመው ይኖሩ ለነበሩት ወላጅ አልባ ጠርሙሶች ሁሉ እንጀራ አባት ተገኘላቸው ብንል ማጋነን አይሆንም።

መንግሥቱም በበኩሉ የፋብሪካው ደንብ ለምሁራን ቤት የማይስማማ መሆኑን ዘግይቶም ቢሆን አምኖ፣ ለትምህርት ቤተ ሙከራዎች የተለየ ምዕራፍ አወጣ። ምዕራፉን በሚመርጥ ተቋም፣ አንድ ፈሳሽ በሕግ ዐይን አደገኛ ቆሻሻ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የደከመው ተማሪ መሆኑ ቀርቶ በማእከል የተቀመጠ የሠለጠነ ባለሙያ ይሆናል፤ በዓመት አንድ ጊዜም ቤተ ሙከራው የቆየ ኬሚካሉን ጠራርጎ ሲያወጣ፣ የዚያ ጽዳት ብዛት በዓመቱ የቆሻሻ ሒሳብ እንዳይታሰብበት ተፈቅዷል። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ብልህ ነው፤ ቀድሞ መጋዘኑን ያጸዳ ሰው ብዙ ቆሻሻ አመነጨ ተብሎ ወደ ጥብቁ ምድብ ስለሚገፋ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠው ይጠቀም ነበርና። ይህ ምዕራፍ በመንግሥት ጋዜጣ የወጣው ዲሴምበር 1 ቀን 2008 ነው፤ በሎስ አንጀለስ እሳቱ የተነሣው በዚያው ወር ማብቂያ ላይ ነው። ስለ ጠርሙሱ እንዲህ በረቀቀ ሁኔታ የታሰበበት አገር፣ ጠርሙሱን ለምትይዘው ልጅ ጋዋን ማልበስ አቅቶት ነበር።

ከዚያ በኋላ በቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ በጃኑዋሪ 2010 የሆነው ነገር የሕጉን ሌላ ቀዳዳ ገለጠ። ሁለት ተማሪዎች ስለ ፈንጂ ነገር በሚያጠና ምርምር ላይ ተሰማርተው፣ ከ100 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ በቃል የተነገራቸውን ኒኬል ሃይድራዚን ፐርክሎሬት ወደ 10 ግራም፣ መቶ እጥፍ ማለት ነው፣ አበዙት፤ አንደኛው በሙቀጫ ሲፈጨው ፈንድቶ ሦስት ጣቶቹን አጣ። የአሜሪካ የኬሚካል አደጋ መርማሪ ቦርድ በ2011 ባወጣው ዘገባ ካመለከታቸው ነገሮች አንዱ፣ የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት ሕግ የሚጠብቀው ተቀጣሪን እንጂ ተማሪን አለመሆኑን ነው። ሳንግጂ ደመወዝ ተቀባይ ባትሆን ኖሮ፣ ያ ሁሉ ክስና ቅጣት ምናልባት ባልነበረም ነበር።

ይህ ነገር ወደ አገራችን ሲመጣ ይበልጥ ያሳስባል። በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንድ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበራት ኢትዮጵያ፣ ዛሬ ከአርባ በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሏት፤ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ የሚያስተምርም ሁሉ የራሱ መጋዘን አለው። ሕግ የለም እንዳንል፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው በንጹሕ አካባቢ የመኖርን መብት ሰጥቷል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1090 ደግሞ በ2010 ዓ.ም.። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችንም እንደ ስሙ የሚናገረው ስለ ሠራተኛ ነው፤ ተማሪው እዚህም ከደጅ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ቆሻሻው ተሰብስቦ የሚሄድበት ቦታ ራሱ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት፣ በየክልሉ መጋዘን ጊዜው አልፎበት የተከማቸ ፀረ ተባይ መድኃኒት ሲጠራረግ፣ ወደ 1,500 ቶን ገደማው በመርከብ ተጭኖ በከፍተኛ ሙቀት እንዲቃጠል እስከ ፊንላንድ ድረስ ሄዷል። ከልመናም ከግዢም የመጣው መድኃኒት በነበረበት ዘመን ጥቂት ወጪ ተደርጎ መዝገብ ቢያዝለት ኖሮ፣ ያን ያህል ባሕር ባላቋረጠ ነበር። የዩኒቨርሲቲዎቻችን ጠርሙሶች በብዛት ከዚያ እጅግ ያንሳሉ፤ በዓይነት ግን እጅግ ይበዛሉ፤ አንድ መርከብ ሙሉ ከሆነ አንድ ዓይነት ዱቄት ይልቅ፣ ስማቸው የማይታወቅ ሦስት መቶ ጠርሙሶች ለአስወጋጁ የሚከብዱት በዚህ ምክንያት ነው፤ እያንዳንዱ ተመርምሮ ሳይለይ የትኛውም አይጫንምና።

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ መንገድ ግን በእጃችን አለ። ከዩኒቨርሲቲ የሚለቅ ሁሉ፣ ተማሪም ሆነ መምህር፣ ክሊራንስ ሳያስፈርም ዲግሪውንም ሆነ የሥራ መልቀቂያውን አያገኝም፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ያልተመለሰ መጽሐፍ እንደሌለበት፣ የመኝታ ቤቱ ኀላፊ ፍራሹን እንዳስረከበ፣ ንብረት ክፍሉም ወንበሩን እንዳልወሰደ ይፈርሙለታል፤ እኔ ባየኋቸው ቅጾች ላይ የቤተ ሙከራው ፊርማ ቢኖርም የሚጠይቀው ስለ ተሰበረ ቢከር ነው። በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ቤተ ሙከራ የሚለቅ ሰው ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ የሚያገለግለውን በስም ለተተኪው አስረክቦ፣ የማያገለግለውን ለቆሻሻ ክፍሉ ሰጥቶ ካላስፈረመ አይሰናበትም። በእኛም ቅጽ ላይ አንዲት መሥመር ብትጨመር፣ ፊርማውም የረዳቱ ሳይሆን የክፍሉ ኀላፊ የሆነው መምህር ቢሆን፣ መምህሩ ሳያይ ለፈረመበት ጠርሙስ በኋላ ራሱ የሚጠየቅ ስለ ሆነ፣ ከመፈረሙ በፊት መደርደሪያውን ጎንበስ ብሎ ማየቱ አይቀርም። አሁን በመጋዘን ያሉት የቀድሞዎቹ ባለቤት አልባዎች በዚህ አይነሡም፤ ለእነርሱ የሚያስፈልገው፣ መነጽርና ትክክለኛ ጓንት ያደረገ፣ ጠርሙስን ሳይከፍት መለየት የሚያውቅ ባለሙያ፣ ሒሳቡንም የሚከፍል የበጀት ዓመት ነው። ቁጥራቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አይጨምርም፤ የበጀት ጠያቂውም ሚኒስቴሩ ዘንድ ሲቀርብ፣ «ብዙ ነው» በማለት ፋንታ «ይህን ያህል ነው፣ ከዚህ በላይም አይሆንም» ብሎ ቁጥር ሊያስቀምጥ ይችላል።